ድምፅ የማታወጣዋ ኤምፒስሪ

ልጅ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ላይ ኤምፒስሪ ያለው ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ቀጭን ነጭ ክር ከጆሮው ወደ ኪሱ ይወርዳል፤ ሰላም ስትሉት አንዱን ጆሮ ብቻ ነቀል አድርጎ «አቤት?» ይላል፣ ቢሮው ድረስ ደጅ ልትጠኑት የመጣችሁ ይመስል። ሞባይል ያኔ የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃ ነበር። እኛ ልጆቹ የምንቀናው በዚያች ክር ነው። እኔማ ባለ ቀለሟን፣ ዘፈን ስትዘፍን መብራቷ ቀይና አረንጓዴ የምትለዋን፣ በሕልሜ ሁሉ አያት ነበር። አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ቡሬ ድረስ ሄጄ ኤምፒስሪ እንደምመርጥ ቢነግሩኝ ኖሮ ከደስታዬ ብዛት ምሳ አልበላም ነበር። ቀኑ ሲደርስ ምሳ አለመብላቴ አልቀረም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሆነ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ቤታችን የአራስ ቤት ጠረን ይዟል፤ አናቷ ላይ የተደረገላት ቅቤ፣ ፌጦው፣ ምድጃ ላይ የሚንተከተከው አጥሚት። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ገንፎ ቀምሶ መርቆ ይወጣል። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተጋድማ የገባውን ሁሉ በድምፁ ትለያለች፤ ጆሮዋ የታወቀ ነበር። አባባ ተገኘ፣ የእናቴ አባት፣ ፈረስ ቤት በምትባለው የደጋ ከተማ የሞቱት ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ለአራስ መርዶ አይነገርም። ሐዘን ወተት ያደርቃል ይባላል፤ እናቲቱ ብቻ ሳትሆን ሕፃኑም ይጎዳል። ስለዚህ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ፈረስ ቤት ደርሰው አልቅሰው የመጡ ሴቶች እኛ ቤት ከመግባታቸው በፊት ጎረቤት ጎራ ብለው ፊታቸውን ታጥበው፣ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ነጠላ ተውሰው ይገቡ ነበር። ገብተውም ይስቃሉ፣ «አፍንጫው አባቱን ነው» ይባባላሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው እርስ በርሳቸው በዓይን ይጠባበቃሉ። እኔ ምንም አላወቅሁም፤ ያወቅሁት ጋሽ አላምረው የመጣ ዕለት ነው።

ጋሽ አላምረው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባባ በተቀበሩ ማግስት፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ለሐዘን የተላጨ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ መጣ። አጎቴ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ሲመልስላት ዛሬም ድረስ ይታየኛል።

«አያ፣ አባ ደህና ናቸው?» አለችው እናቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ብርዱ አልጎዳቸውም?»

«ብርዱስ ምንም አላደረጋቸው። አንቺ ብቻ ብዪ፣ ጠጪ።»

ከዚያ ቡሬ ጉዳይ እንዳለው፣ ሰው የሚያነብለት ስለሚፈልግ እኔን ሊያስከትለኝ እንደሚሻ ነገራት። «ውሰዳት፣ ትናፈስ» አለች። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ በርበሬ የተሰጣበት ደጃፍ ሲበዛ ጋሽ አላምረው ኮፍያውን አወለቀ። የተላጨውን ራሱን ሳይ ገባኝ። ጎጃም ያደገ ልጅ ይህን ለማወቅ ቃል አያስፈልገውም።

«አባባ ናቸው?» አልኩት።

«አባባ ናቸው» አለኝ። «አልቅሺ እዚሁ። ቤት ስንመለስ አይቻልም።» ክንዱ ስር ገብቼ አለቀስኩ። ተሳፋሪዎቹ አይተው ዞር አሉልን።

ስረጋጋ ነገሩን አስረዳኝ። ነገ ሰልስት ነው። የአባባ ታናሽ እህት እትዬ ውዴ ሙሾ ታወርዳለች። እትዬ ውዴ ደጋ ዳሞት ላይ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ሟቹን እንደ ኑሮው፣ ቀሪውን እንደ ጉዳቱ አድርጋ ትገጥምለታለች። ሙሾ ደግሞ እንደ ዘፈን አይደገምም። የሞተ ሰው በሌለበት ሙሾ ያለ ሟርት ጠራ፤ ስለዚህ በዕለቱ ያልሰማ ቀረበት። እትዬ ውዴ እግሯ ደክሟል፣ ወደ ፍኖተ ሰላም አትወርድም። እናቴ ክርስትና ተነሥቶ መርዶዋን ስትሰማ አባቷ ተለቅሶላቸው፣ እሷ ብቻ ከባዶ ግቢ ትቀመጣለች። «አባቷን ሳታለቅስ የቀረች ልትባል ነው» አለ አጎቴ። «እህቴን እንዲህ አላስቀራትም። የእትዬን ድምፅ ይዤላት እመጣለሁ።»

«በቴፕ አይቀዳም?» አልኩት።

«ቴፕ አንጠልጥዬ ለቅሶ ብገባ ሰው ሠርግ የመጣሁ አይመስለውም? የአጥቢያችን ዲያቆን የነገረኝ በመዳፍ የምትያዝ አለች። በጋቢዬ ውስጥ እይዛታለሁ።»

ፍኖተ ሰላም ላይ ያልገዛው ባለሱቁም ሸማቹም እናቴን ስለሚያውቅ ነው። የተላጨ ሰው ኤምፒስሪ ገዛ ቢባል ወሬው እኛን ቀድሞ አራስ ቤት ይገባል።

ቡሬ የገባንበት ሱቅ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል። ባለሱቁ ጸጉሩን ያቆመ ወጣት ነው። ዓይኔ ወዲያው ባለ ቀለሟ ላይ ተተከለ፤ እሱም አይቶኝ አወጣት።

«ፋዘር፣ ይቺ አሪፍ ናት። ቪዲዮ ታሳያለች፤ ስፒከሯ ደግሞ ሰፈር ታነቃለች።»

«ሰፈር የማታነቃ የለችህም?» አለው ጋሽ አላምረው።

«እንዴት?»

«ድምፅ የማታወጣ። ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የምትናገር። ድምፅ የምትቀዳም ትሁን።»

ልጁ እኔን አየኝ፣ «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» በሚል ዓይን። ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ሲጠይቀው ከርሞ፣ ዝም የምትል የሚፈልግ ገበያተኛ ገና ዛሬ ገጠመው። አጎንብሶ ከስር ሁለት አወጣ። አንዷ ላይተር የምታህል፣ በአንገት የምትንጠለጠል ናት፤ ሌላዋ ግራጫ፣ ስክሪኗ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ። ሁለቱም በኤርፎን እንጂ አይሰሙም፤ ሁለቱም ይቀዳሉ።

እኔ ግን ባለ ቀለሟን አልለቀቅሁም። «ይቺ ትሻላለች፣ ባትሪዋም ይቆያል» እያልኩ የባለሱቁን ቃል ደገምኩለት። አባባን በመኪና ውስጥ አልቅሼ ሱቅ ውስጥ መብራት አማረኝ፤ ልጅነት እንዲህ ነው፣ ሁለቱም እውነት ነበሩ። ጋሽ አላምረው አልተቆጣኝም። «ለአንቺ ቢሆን እሷን ነበር» አለኝ። «ዛሬ የምንመርጠው ለእናትሽ ነው።»

ያን ጊዜ ዕቃዎቹን በሌላ ዓይን አየኋቸው። የእናቴ እጅ ታየኝ፤ ዝም ብሎ የማይቀመጥ፣ ያገኘውን የሚነካካ እጅ። ግራጫዋን ሳገላብጥ ጎኗ ላይ ትንሽ የምትንሸራተት ነገር አገኘሁ። ወደ ላይ ስትገፋ ሌላው ቁልፍ ሁሉ ቢጫኑት አይታዘዝም። ላይተሯ ይህ የላትም። «ጋሼ፣ ይቺ ትቆለፋለች» አልኩት። እየደጋገመ ሞከራት፣ ቆለፋት፣ ከፈታት። እውነትም እንቢ ትላለች። «በቃ፣ ይቺ ናት» አለ። በዚያ ቀን ከኔ በላይ ብልህ ሰው ቡሬ ውስጥ ያለ አልመሰለኝም።

መሞከር አለባት ተባለና ባለሱቁ መቅጃውን ከፍቶ ሰጠው። «ይናገሩባት» ቢለው አጎቴ ወደ አፉ አስጠግቶ «እህቴ» አለ፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። «እማዬ፣ ቡሬ ነን» አልኩባት። መልሼ ስሰማው ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ። ባለሱቁ ዘፈን ሊጭንባት ሲል ጋሽ አላምረው እጁን ያዘው፤ ሐዘን ላይ ነው፣ እንዴት ዘፈን ይገዛል? ባዶዋን ሰው እጅ ብትገባ ደግሞ ታጠራጥራለች። መጨረሻ ላይ መዝሙር እንዲጫንባት ተስማሙ። ምሳ ሊጋብዘኝ ምግብ ቤት አስገባኝ፤ ሁለታችንም ጎርሰን ተውነው።

በማግስቱ ይዟት ወደ ፈረስ ቤት ወጣ። ከሰልስቱ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ከቤታችን ጓሮ፣ ከጌሾው ስር ጠርቶኝ «ገብታ እንደሆነ እስቲ ስሚያት» አለኝ። አንዱን ጆሮ እሱ፣ አንዱን እኔ ያዝን። መጀመሪያ የጋቢው መንኮሻኮሽ፣ የደጋው ነፋስ፣ ደረት የሚመቱ ሴቶች። ከዚያ የእትዬ ውዴ ድምፅ፣ ያረጀ፣ ግን የማይንቀጠቀጥ፤

በሩን ሲወጣማ ዞሮ ዞሮ አየ፣
አንዷን ልጁን አጥቶ ከዘመድ ተለየ።

ጋሽ አላምረው ክሩን ከጆሮው ነቀለ። «ያዘችው» አለ፤ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥንቃቄያችን የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ አላምረው የባትሪዋ ነገር አስፈራው። የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ሲሞት ብርሃኑ እንደሚጠፋ፣ የዚችም ባትሪ ካለቀ የተቀዳው ድምፅ አብሮ የሚጠፋ መሰለው። እሱ አገር መብራት የለም። «አይጠፋም ጋሼ» ብለው፣ «አንቺ በምን አወቅሽ? አንድ ጊዜ ከጠፋች እትዬን ሁለተኛ ሙሾ ላሰኛት ነው?» አለኝ። እኔም በምን አወቅሁ? ስለዚህ ኤምፒስሪዋ መብራት ባለበት ቤት፣ ሶኬት ላይ ተሰክታ መቆየት አለባት ተባለ። መብራት ያለው ቤት ደግሞ የእኛው ነው። ከእናቴ ልንደብቃት ያን ያህል የለፋንባትን ዕቃ ወስደን እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰካናት። «ሟርት አይሆንም?» ብሎ አባቴ ቢጠይቀው አጎቴ አሰበና «ተቆልፏል። ካልተከፈተ አልተባለም» ብሎ ፈረደ።

እናቴ የምታየው ነገር ማምለጥ አይችልም። «ያች የምታበራው ምንድን ናት?» አለች በዚያው ዕለት። አባቴ መዝሙር የሚሰሙባት ናት፣ አላምረው ለአራስነትሽ ያመጣልሽ ነው አላት። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ያች ሆነች፤ መዝሙሩን እከፍትላታለሁ፣ ቁልፏን ወደ ላይ እገፋለሁ፣ ክሩን ጆሮዋ ላይ አደርግላትና ወንድሜን ስታጠባ ፊቷን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ የሚጠሩኝን ጓደኞቼን «የቤት ሥራ አለብኝ» እላቸዋለሁ። ሄጄ የተጫወትኩበት ቀንም አለ፤ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ አባባ ትዝ ይሉኝና እንባዬ ይመጣል፣ መሥመር ረግጬ ስለወጣሁ የማለቅስ መስሏቸው «እሺ፣ ድገሚ» ይሉኝ ነበር።

ቆይቶ እናቴ መዝሙሩን መጠየቅ ተወች። «ጆሮዬን ደከመኝ» አለች። እኔ ደስ አለኝ፣ ከጥበቃ ተገላገልኩ። ገንፎዋን ትበላለች፣ አጥሚቱን ትጠጣለች፣ ሰው ሲመጣ ትስቃለች። እንዲያውም ከበፊቱ አብዝታ ትበላ ነበር።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የንስሐ አባቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩን አንኳኩ። ጋሽ አላምረው ኮፍያ ሳያደርግ ከኋላቸው ቆሟል። እናቴ አንድ ጊዜ አየቻቸው፤ ገና ምንም ሳይሏት ሕፃኑን ለጎረቤታችን አቀበለች። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ አባታችን...» ብለው ሲጀምሩ ጮኸች። ከአጥር ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ሴቶች እየጮኹ ገቡ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሲስቁልን የነበሩት ናቸው። እኔም ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ግቢው ውስጥ ሸራ ተዘረጋና ለቀስተኛው ተቀመጠ። ጋሽ አላምረው ኤምፒስሪዋን በሁለት እጁ ይዞ እናቴ ፊት ተንበረከከ። «እህቴ፣ አባን ሳታለቅሺ አልቀረሽም። እትዬ ውዴ ያለችልሽን ይዤልሽ መጥቻለሁ» አላት። ክሮቹን በጆሮዎቿ አደረገላት፣ ቁልፎቹን ቢጫን ቢጫን እንቢ አለችው፣ እኔን ጠራኝ። ተቀብዬ ጣቴን መቆለፊያው ላይ አሳረፍኩ። ስክሪኗ ጨልሟል፤ ምንም አልተከፈተም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ደረቷን ይዛ፣ ሰው ለጠራው እንደሚመልስ ድምፅዋን አነሣች፤

አባ አትቀየመኝ ቀረሁ ልጅ አቅፌ፣
እንባዬን መልሼ ቃሉን ይዤ ባፌ።

ሴቶቹ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ተቀበሏት። እሷ የእትዬ ውዴን እየተከተለች ቀጠለች፤ በእያንዳንዱ ስንኝ መካከል ዝም ትላለች፣ የሌላዋን ተራ ትሰጣለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። ሰዉ የአንዷን ብቻ ይሰማል። እኔ ደግሞ ሌላዋም እንዳልተናገረች አውቃለሁ። እናቴ ሙሾውን በቃሏ ታውቀዋለች።

ጋሽ አላምረው ፊቱ በእንባ ታጥቦ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ከፈትሽላት?»

«አዎ» አልኩት።

ለብዙ ዓመት በደረሰበት ሁሉ ያወራው ነበር። «ያች ግራጫ ዕቃ እህቴን ከአባቷ ለቅሶ አደረሰቻት» ይላል፤ እናቴም ትሰማዋለች፣ «እውነት ነው አያ፣ ተባረክ» ትለዋለች። እኔ ካደግሁ በኋላ ለብቻችን ሆነን ጠየቅኋት። አንድ ቀን ዕቃ ላጥብ ጓሮ ስወጣ መዝሙሩ አለቀ፤ ኤምፒስሪዋ በራሷ ተራ ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ እትዬ ውዴ። መቆለፊያው ጣት ይከለክላል እንጂ ተራ አይከለክልም፤ ያን የሚያውቅ ብልህ ቡሬ ውስጥ አልነበረም። «ልዘጋት ብል እንቢ አለችኝ» አለችኝ እናቴ። «ከጆሮዬ ነቅዬ እንዳልጥላት ደግሞ የአባቴ ለቅሶ ነው፣ እንዴት ረግጬው ልውጣ? ወንድምሽ ይጠባል። እንዳይደነግጥ ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ያን ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ሲስቅ? ልፋታችሁን ላበላሽባችሁ?»

ዛሬ በየሰዉ ኪስ ያለው ስልክ ያኔ ያየኋቸውን ኤምፒስሪዎች ሁሉ አንድ ላይ ይውጣቸዋል። ይቀዳል፣ ያበራል፣ ባለ ቀለሟን ያስንቃል። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ጋቢውን ሳያነሣ ስልኩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሻማ የበራበት ፎቶ፣ «ነፍስ ይማር»፣ ከስሩ የማናውቃቸው ሰዎች እንባ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሁሉም ያለቀሰ መስሎት ነው። ግን ያኔ አንዲትን ሴት ለማቆየት ከፈረስ ቤት እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው አፉን ይይዝ ነበር። አሁን ማን ለማን ይይዛል እላለሁ፣ ደግሞ እንዲህ ባልኩ ቁጥር ራሴን እታዘባለሁ።

አምና ባሕር ዳር የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። አንድ ጠዋት ሕፃኗን እያጠባሁ ስልኬን ብከፍት ጋሽ አላምረው በዚያ ውሸት በማይሆንለት ፊቱ፣ ከሻማ ጎን አየኝ። አንድ የሩቅ ዘመድ ነው የለጠፈው። ወዲያው በሩ ተከፈተና እናቴ ገንፎ ይዛ ገባች። ንጹሕ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ፊቷ ታጥቧል፣ የዓይኗ ጠርዝ ግን ቀልቷል። ወንድሟን ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ አራሷ እኔ ስላለሁ።

«እንዴት አደራችሁልኝ?» አለችኝ እየሳቀች።

ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። «ደህና አደርን እማዬ» አልኳት። አጠገቤ ተቀምጣ ስታጎርሰኝ፣ ገንፎውን እስኪያልቅ በላሁላት።